ከሥዕሉ ውስጥ የታጣው ወታደር

«ስሚኝ እንግዲህ» አለ ኦባዳያ ፔትማን፣ ቢላዋውን ዳቦው ላይ ሰክቶ። «ያ ጄትሮ የምትይው ልጅ ሥዕሉ ውስጥ ካለ ሰርጋችሁ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ድግሱም በእኔ። ከሌለ ግን ሁለተኛ የቤቴን ደፍ እንዳይረግጥ። አበቃ!»

ኦባዳያ «አበቃ» ካለ አበቃ ነው። በዊንድሌይ ወደብ ይህን የማያውቅ ዓሣ አጥማጅ የለም። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያች ቃል ጋር ስትታገል ኖራ አንድ ቀን እንኳ ሳታሸንፋት ሞተች። ልጁ ኬዛያ ግን የእናቷን ትዕግሥት አልወሰደችም። የወረሰችው የአባትየውን ምላስ ነው።

«አባባ፣ ሥዕል ውስጥ መግባት ከመቼ ወዲህ ነው የጋብቻ መስፈርት የሆነው? ይሁዳም እኮ የቤተ ክርስቲያናችን መስኮት ላይ ተሥሏል። ለእሱ ሊድሩኝ ነው?»

«ይሁዳ ቢያንስ ‹ሥዕሉ ውስጥ አለሁ› ብሎ አልጻፈልንም!»

እውነቱን ነው። ጄትሮ ጽፏላ!

ነገሩ የጀመረው በደስታ ነበር። ጄትሮ ሬይት ክራይሚያ ዘምቶ፣ ጭኑን በጥይት ተመትቶ በመርከብ ተመለሰና የጦር ሠራዊቱ ሆስፒታል ተኛ። ንግሥቲቱ ቁስለኞቹን ልትጠይቅ መጣች። እሷ ከሄደች በኋላ ደግሞ ያንን ጉብኝት ግድግዳ በሚያህል ሸራ ላይ የሚያሰፍር ሠዓሊ መጣ። ጄትሮም በማለዳ ብዕር አንስቶ «ኬዛዬ፣ ሥዕሉ ውስጥ ልገባ ነው! ሠዓሊው ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል መርጦ እኔን ጠራኝ። መሀል ላይ ነው የምቆመው፤ አገር ሁሉ ያየኛል» ብሎ ጻፈላት።

ኬዛያ ደብዳቤውን አንብባ ማንኛዋም ልጅ የምታደርገውን አደረገች፤ ለወደቡ ሁሉ አወራች። ኦባዳያም ቢሆን የልጅ ወሬ ብሎ አላለፈውም። «ሦስቱ ዓሦች» መጠጥ ቤት ገብቶ ለተገኘው ሁሉ ቢራ አስቀድቶ «አማቼ ሊሆን ያለው ልጅ ከንግሥቲቱ ጋር ተሥሏል!» እያለ ጠረጴዛ ደበደበ። እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በክረምቱ መጨረሻ የሥዕሉ ትንሽ ቅጂ የመጽሐፍ መሸጫው መስኮት ላይ ተሰቀለ። ወደቡ በሙሉ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ጄትሮን ፈለገ። ቁስለኛው ሞልቷል፤ ጄትሮ የለም። ያን ዕለት ኦባዳያ መጠጥ ቤቱ በር ላይ ብቅ ሲል አንዱ «ኦባዳያ፣ አማችህ አልጋው ሥር ነው እንዴ?» አለው። «ኧረ አልጋው ሥር ያለውማ ፖፖው ነው» አለ ሌላው፣ «ምናልባት እዚያ ውስጥ ይሆናል።»

ኦባዳያ ቢራውን ሳይጨርስ ወጣ። በሕይወቱ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ጄትሮ እያነከሰ ወደ ዊንድሌይ ሲመለስ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ጠበቀው። ሥዕሉ ውስጥ አለህ ወይ? «አለሁ» አለ። የት ጋ? «እሱን አልናገርም።» ሌላ ቃል ከአፉ ማውጣት አልተቻለም። ኬዛያ የባሕሩ ግንብ ላይ መረብ ሲጠግን አግኝታው አጠገቡ ተቀመጠች።

«እሺ፣ ለእኔ ብቻ ንገረኝ። በጆሮዬ።»

«ቃል ሰጥቻለሁ ኬዛ። መጽሐፍ ቅዱስ መትቼ።»

«ለማን?»

«እሱንም ላልናገር ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ለእኔስ? አገባሻለሁ ብለህ ቃል አልሰጠኸኝም?»

«ሰጥቻለሁ። አገባሻለሁም።»

«እንዴት አድርገህ? አባባ ደፌን እንዳትረግጥ ሊሉህ ነው እኮ!»

ጄትሮ አሰበ። «በመስኮት እገባለሁ» አለ።

ልትመታው እጇን አንስታ ሳቀችና ተወችው። ደግሞ ወዲያው አለቀሰች። ትወደዋለች፤ ምን ታድርግ? አጭር ነው፤ አባቷ «ከቆመ ይልቅ ሲቀመጥ ይረዝማል» ይለዋል። ጉንጩ እንደ ሕፃን ክብ ነው፤ ጢም ለማብቀል ሞክሮ ሞክሮ ትቶታል። ግን ዋሽቶ አያውቅም። አሁን ግን ወይ ዋሽቷል ወይ አብዷል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻላት እሷም አላወቀችም።

ስለ ጄትሮ አንድ ሌላ ነገር መነገር አለበት፤ ስለ ቀኝ እጁ ትንሿ ጣት። ልጅ ሆኖ በኦባዳያ ጀልባ ላይ ሲሠራ የመልሕቁ ገመድ ጣቱን ጠምዝዞ ሰበራት። «ለጣት ሐኪም!» ብሎ ኦባዳያ ራሱ ወጌሻ ሆነ። ከዓሣ ሣጥን ላይ ስንጥር ነቅሎ፣ ቅጥራን በነካው ሲባጎ ጠፍሮ አሰራት። ሲፈታት ጣቲቱ ከጓደኞቿ ተለይታ፣ ሁለት ቦታ ታጥፋ፣ ባሕሩን ተሻግራ ወደ ፈረንሳይ ታመለክታለች። ኦባዳያ ግን «ቀጥ ያለች ናት፤ እሱ ነው አያያዝ የማያውቀው» አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ቀጥ ያለች ናት። የኬዛያ እናት አንድ ጊዜ እራት ላይ «ትንሽ እንኳ ዘመም…» ብላ ጀምራ፣ የዚያን ሳምንት እራት ሁሉ ሰው ሳይነጋገር ተበላ።

ቅዳሜ ዕለት ሦስቱም በጋሪ ተሳፍረው፣ ዋናው ሥዕል ወደሚታይበት የአውራጃው ከተማ ሄዱ። ጄትሮ እንዲመጣ ያዘዘው ኦባዳያ ነው። «ተከሳሽ በሌለበት አይፈረድም» አለ። መንገዱን ሙሉ እሱ ልጓሙን ይዞ ፊቱን አኮሳትሮ ተቀመጠ፣ ጄትሮ ስለ ዝናብ አወራ፣ ኬዛያ ጥፍሯን በላች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሥዕሉ ከተማ ለከተማ እየዞረ ሕዝብ ከፍሎ የሚያየው ስለሆነ ሰው የእሑድ ልብሱን ለብሶ ነው የመጣው። ሥዕሉ በቀይ ገመድ ታጥሮ፣ በጋዝ መብራት ደምቆ ግድግዳውን ሞልቶታል። ከፊቱ ረጅም ዘንግ የያዘ ቀጭን ሰውዬ ቆሟል፤ ሚስተር ክላቨሪንግ ይባላል። ሥራው ሥዕሉን መተንተን ነው። ዕንባ ሲያስፈልገው የሚያመጣ፣ ሳያስፈልገው የሚመልስ ሰው ነበር።

«ክቡራንና ክቡራት፣ ከሁሉ በፊት ይህን ይወቁ» አለ። «ሠዓሊያችን ዓይኑ ያላየውን አንዲት ክር እንኳ ላይሥል የማለ ሰው ነው። ይህ ፋሻ እውነተኛ ፋሻ ነው። ይህ አልጋ እውነተኛ አልጋ ነው። የግርማዊነቷ ቀሚስ፣ ሻል፣ ባርኔጣ ሳይቀር ከቤተ መንግሥት ተልኮለት ነው የሣለው። ፊቷን ደግሞ ከፎቶግራፍ።»

«ሰማሽ?» አለ ኦባዳያ ልጁን በክርኑ ጎሸም አድርጎ። «የሌለ አልሣለም። የሣለው ያለውን ነው። እንግዲህ ፈልጊ።»

ኬዛያ ገመዱ ድረስ ገፍታ ገባችና ከግራ ጀመረች። መሀል ላይ ንግሥቲቱ ግራጫ ቀሚስ ለብሳ፣ አልጋው ላይ ቀና ወዳለ ቁስለኛ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ከኋላዋ መኳንንቱ አንገታቸውን ደፍተዋል። ኬዛያ ግን ለንግሥትም ለመኳንንትም ጊዜ አልነበራትም፤ ዓይኗ ወታደር ለወታደር ይሮጣል። ራሱ በፋሻ የተጠመጠመው? አፍንጫው ሌላ ነው። ጢማሙ? ጄትሮ ያን ጢም ለማብቀል ሌላ ዕድሜ ያስፈልገዋል። ክራንች የተደገፈው ደግሞ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ይሄ ፊቱን ያዞረው!» አለች። «ጀርባው ብቻ የሚታየው!»

«እሱ ትከሻ ላይ ሦስት ጄትሮ ይቀመጣል» አለ ኦባዳያ። «ቀጥይ።»

«ይሄስ? ብርድ ልብስ ለብሶ እግሩ ብቻ የወጣው? ይሄ እግር የጄትሮ ነው! ጄትሮ፣ እግርህ ነው አይደል?»

ጄትሮ እግሩን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ፊቱ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል። ራሱን ነቀነቀ። «የመቶ አለቃ ቡል እግር ነው» አለ።

«አዎ ብትል ምን ነበር!» ብላ በጥርሷ መሀል አንሾካሾከችበት። «አንዲት እግር! ማን ይጠይቅሃል?»

«የእኔ አይደለማ ኬዛ።»

ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነው! በአንዲት እግር ሚስት ማግኘት ሲችል የሰው እግር አልወስድም ይላል። ኬዛያ ተናደደች፤ በልቧ ደግሞ የበለጠ ወደደችው፤ ያ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

የሚስተር ክላቨሪንግ ዘንግ በዚህ መሀል ወደ ጥግ ተሻግሮ ነበር። «እዚህ ላይ፣ ክቡራት፣ መሀረባችሁን አውጡ። ይህን ባዶ አልጋ ተመልከቱ። አንሶላው ተገልጧል፤ ትራሱ ላይ የራስ ቅርጽ ገና አልጠፋም። ባለቤቱ የት ነው? አህ!» ዘንጉን ወደ ሰማይ አነሳ። «ሥቃይ ወደሌለበት ቦታ ሄዷል። ሠዓሊው የሞተውን ወታደር ባዶነቱን በመሣል ሣለው። ይህ ረቂቅ ጥበብ ነው።»

ሴቶቹ አፍንጫቸውን ጠራረጉ። ጄትሮን ሳል ያዘው። ሳሉ እየባሰ ሄዶ አንዲት ወይዘሮ ዞር ብለው ገላመጡት።

«ለሞተ ሰው እንኳ አክብሮት የለህም?» አለችው ኬዛያ።

«አልሞ…» አለና አፉን በመዳፉ ያዘ።

ቁስለኛው ሁሉ ታይቶ አለቀ። ኬዛያ ከግራ ወደ ቀኝ ፈልጋ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተመለሰች። አልጋ ሥር አየች፤ ፖፖውም ነበረ፣ ጄትሮ ግን የለም። ቀና ብላ አባቷን ስታይ፣ አሸናፊ ሆኖ እንደሚጎርር ጠብቃ ነበር፤ ኦባዳያ ግን ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ መሬት መሬት ያያል። እሱም ልጁን ይወደው ነበር። ጀልባው ላይ ያሳደገው እሱ ነው።

«በቃ ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «የለም። ሰው በቃሉ ነው የሚያዘው። አንድ ጊዜ ከዋሸ ሁለተኛ ምን አምኜ ልስጥሽ? ጄትሮ፣ አዝናለሁ። ከእንግዲህ…»

«አሁን ደግሞ» አለ የሚስተር ክላቨሪንግ ድምፅ ከላይ፣ «ወደ ሥዕሉ ልብ እንግባ። ወደ እጇ!»

ሕዝቡ ወደ ፊት ተገፋ፤ ኦባዳያም ሳይወድ አብሮ ተገፋና አፍንጫው ከንግሥቲቱ ክንድ ፊት ደረሰ።

«ልብ አድርጉ! ግርማዊነቷ ጓንቷን አውልቃለች። በግራ እጇ ይዛዋለች፤ ቀኝ እጇ ባዶ ነው። ንግሥት በሕዝብ ፊት ጓንት ማውለቅ! ለምን? በእሷና በቁስለኛው ልጇ መሀል ስስ ቆዳ እንኳ እንዳይኖር ነው። ሠዓሊውን ስለዚህ ሲጠይቁት ምን አለ? ‹እንዲህ ነው ያየሁት› አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም። እህ! ትሕትና! ደግሞ ያቺን ትንሿን ጣት ተመልከቱ። ከሌሎቹ ተለይታ፣ በስሱ ታጥፋ፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብላለች። ይህ የንጉሣዊ ደም ምልክት ነው፣ ክቡራት። ተራ ሰው ጣቱን እንዲህ ልያዝ ቢል አይችልም።»

በአዳራሹ ያሉ ወይዛዝርት ሁሉ ሊሞክሩት ትንሿን ጣታቸውን አወጡ። አንዷ የጎረቤቷን ዓይን ልትወጋ ምንም አልቀራትም።

ኦባዳያ አልተንቀሳቀሰም። ኬዛያ አባቷ የታመመ መሰላት፤ ፊቱ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ እንደ ቀይ ሥር ቀላ። ዓይኑን ከሸራው ሳይነቅል በቀስታ እጁን ወደ ኋላ ሰደደና የጄትሮን አንጓ ያዘ። ጎትቶ የልጁን ቀኝ እጅ ብርሃን ላይ አወጣው። ጣቲቱን አየ። ሥዕሉን አየ። ጣቲቱን አየ። ሁለት ቦታ ታጥፋ፣ ወደ ፈረንሳይ።

«ይቺን ጣት ያሰርኳት እኔ ነኝ!» አለ።

ይህን ያለው ማዕበል ውስጥ ጀልባ ለጀልባ በሚጣራበት ድምፅ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

የሚስተር ክላቨሪንግ ዘንግ አየር ላይ ቀረ። «ጌታዬ… የግርማዊነቷን ጣት ነው የሚሉት?»

ኬዛያ በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባት። ከሁሉ ሰው መሀል ተመርጦ የተጠራው አጭሩ፣ ቁመቱ ከንግሥቲቱ እኩል የሆነው። መሀል ላይ የሚቆመው፣ አገር ሁሉ የሚያየው። ከቤተ መንግሥት የተላከው ቀሚስ፤ ቀሚሱን የሚለብስ አካል ግን ያልተላከለት፣ ያላየውን የማይሥል ሠዓሊ። ወደ ጄትሮ ዞረች። እሱ ግን እሷን አላየም። ዝናብ እንዳረጠበው ቡችላ ዓይኑን ኦባዳያ ላይ ተክሎ «በፈጠረዎት!» ይላል፣ ያለ ቃል። ሳቋ ከሆዷ እየገፋ መጣባትና የሻሏን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

ኦባዳያ አፉን ከፈተ። እውነቱን ቢናገር? «ይህ ንግሥት አይደለም፣ የእኔ የጀልባ ልጅ ነው ቀሚስ ለብሶ!» ቢል? ልጁ መጽሐፍ ቅዱስ መትቶ የሰጠው ቃል ተሰበረ፤ ያውም ልጁ ሳይሆን እሱ ሰበረው። ዘውዱም መሣቂያ ሆነ፤ ኦባዳያ ደግሞ እሑድ እሑድ ለንግሥቲቱ ጤና ሳይጸልይ ምሳ የማይበላ ሰው ነው። ይዋሽ? «አዎ፣ የንግሥቲቱ ወጌሻ ነኝ» ይበል? ምላሱን ቢቆርጡት ይሻለዋል። አፉን ዘጋ። መልሶ ከፈተ።

«እሱን አልናገርም» አለ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማው። ይህንኑ ቃል ስንት ጊዜ ሲነገረው ጠረጴዛ በጡጫ እየመታ መልሶ ነበር። አሁን የልጁን እጅ አልለቀቀም፤ ጭራሽ ጠበቅ አደረገው።

«አልናገርም አለ!» የሚል የሕዝቡ ሹክሹክታ አዳራሹን ዞረ። «ገባችሁ? የመንግሥት ምስጢር ነው።» ሰዎች ለኦባዳያ ቦታ ለቀቁለት። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አነሱለት። ቅድም ጄትሮን የገላመጡት ወይዘሮ ቀረብ አሉና፣ ጣታቸውን እንዳጠፉ፣ «ጌታዬ፣ ምስጢሩን አልጠይቅዎትም» አሉ። «ግን ይቺ ውብ አተጣጠፏ… ከተፈጥሮ ነው፣ ወይስ እርስዎ ሲያስሯት ነው ያመጣችው?»

ኬዛያ ሻሏን ከአፏ አወጣች። እስከ ዛሬ በምድር ላይ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው የለም። አባቷ ወይዘሮዋን አያቸው፤ ጣቲቱን አያት፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲወጣና ሲገባ ይታያል።

«ጠማማ ናት እመቤቴ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ቀጥ ያለች ነበረች፤ እኔ ነኝ አጣምሜ ያሰርኳት። ሐኪም መጥራት ነበረብኝ።»

«እንዴት ያለ ትሕትና ነው!» አሉ ወይዘሮዋ፣ መሀረባቸውን እያወጡ።

ጄትሮ ቀና ብሎ አየው። ዓይኑ ውስጥ ውኃ ሞልቷል፤ የኬዛያም እንደዚያው። ሚስተር ክላቨሪንግ ግን ለሚቀጥለው ትንተና የሚሆነው አዲስ ነገር አግኝቶ በደስታ ይቁነጠነጥ ነበር።

ሲመለሱ ጋሪው ከከተማው ወጣ። ከዚያ ኬዛያ ፈነዳች። ጋሪው ላይ ተጠቅልላ፣ የጎኗን አጥንት ይዛ እስኪያማት ሳቀች።

«አንተ! ንግሥቲቱ አንተ ነህ!»

ጄትሮ ወደ ሰማይ አየ። «ዳመናው ከምዕራብ እየመጣ ነው» አለ።

«ጠዋት ደብዳቤውን ስትጽፍልኝ ወታደር ሆነህ የምትሣል መስሎህ ነበር። ከሰዓት በኋላ ባርኔጣውን ራስህ ላይ አሰሩልህ። አይደል?»

«ማታ ሳይዘንብ አይቀርም።»

«ያ ሁሉ ሴት ያለቀሰበት ባዶ አልጋስ? ያንተ አልጋ ነው አይደል? አንተ ቀሚስ ለብሰህ ቆመሃል፤ እሱ ያላየውን አይሥል፤ አልጋው ባዶ ሆኖ ቀረ!»

ጄትሮ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። «ለዓሣ ግን ጥሩ አየር ነው» አለ።

ኦባዳያ ልጓሙን ይዞ ሲያዳምጥ ነበር። ከዚያ ድንገት «ጓንቱ!» አለ። «ከልቧ ርኅራኄ ነው ያወለቀችው ያለው ያ ጓንት… ጣትህ አላስገባ ብላ ነው!»

«ነፋሱ ዞሯል ሚስተር ፔትማን።»

«ጌታ ሆይ!» አለ ኦባዳያ። «አገር በሙሉ በእኔ ስንጥር ያለቅሳል!» ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኬዛያ አባቷ ሲስቅ ካየች ቆይታለች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ አይታው አታውቅም። ፈረሱ ራሱ ቆም ብሎ ዞሮ አየው።

ሳቁ ሲበርድለት ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር መልስልኝ። የአየር ሁኔታ እንዳትነግረኝ! እዚያ አዳራሽ ውስጥ ልጄን ልነሣህ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንዲት ነገር ብትተነፍስ የእሷ ባል ነበርክ። እንድነሣህ ዝም ብለህ ትተወኝ ነበር?»

ጄትሮ ጉልበቱን አየ። «ቃል ሰጥቼ ነበራ» አለ። «ኬዛን ባጣ… እኔ እንጃ ሚስተር ፔትማን። የምሞት ይመስለኛል። ግን ቃል ሰጥቼ ነበር።»

ኬዛያ ሳቋ ጠፋ። እጁን፣ ያንን ጠማማውን፣ ፈልጋ ያዘችና እስከ ዊንድሌይ አልለቀቀችም።

ኦባዳያ የፈረሱን ጆሮ እያየ ነዳ። «ለአንድ ሠዓሊ የሰጠውን ቃል እንዲህ ከጠበቀ» አለ በመጨረሻ፣ ለፈረሱ የሚነግር ይመስል፣ «ለልጄ የሰጠውንማ…» አልጨረሰውም። አፍንጫውን ተናፈጠ።

ቤቱ ሲደርሱ ዝናቡ፣ ጄትሮ እንዳለው፣ ጀመረ። ኦባዳያ ቀድሞ ከጋሪው ወረደ፣ በሩን በሰፊው ከፈተ፣ ባርኔጣውንም አወለቀ። መንገዱ ላይ መረብ ይዘው የሚያልፉ ሁለት ዓሣ አጥማጆች፣ «ሦስቱ ዓሦች» ውስጥ ስለ ፖፖው የቀለዱት ራሳቸው፣ ምን ነካው ብለው ቆሙ። ኦባዳያ ቢያዩትም ግድ አልሰጠውም። ወገቡ እስኪንቋቋ ድረስ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

«ይግቡ እንግዲህ ግርማዊት ሆይ» አለ። «ደፉ ከፍ ይላል፤ ቀሚስዎን ሰብሰብ ያድርጉ።»

ጄትሮ ቆመ። ዓሣ አጥማጆቹን አየ። ኬዛያን አየ። ከዚያ ቃል ሳይተነፍስ፣ የሱሪውን ጎን በሁለት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ ከፍ አደረገ፣ ትንሿን ጣቱን ወደ ፈረንሳይ ዘረጋ፣ እያነከሰ ደፉን ተሻግሮ ገባ።